ሳይጻፍ የቀረ ደንብ፦ የክፍት ምንጭ የገንዘብ ሶፍትዌርና የሰነዶቹ ታሪክ

ፍራንሲስካዊው መነኩሴ ሉካ ፓቾሊ እ.ኤ.አ. በ1494 ቬኒስ ውስጥ ያሳተመው ትልቅ የሒሳብ መጽሐፍ፣ የከተማዋ ነጋዴዎች መዝገብ የሚይዙበትን የዴቢትና ክሬዲት ስልት የሚያስረዳ ክፍል አለው። (ከዚህ በታች ያሉት ቀናትና ዓመታት፣ ተለይቶ ካልተገለጸ በቀር፣ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።) ስልቱን የፈለሰፈው ፓቾሊ አይደለም፤ ነጋዴዎቹ ከእሱ በፊት ሲሠሩበት የኖሩትን በጽሑፍ አሰፈረው እንጂ። በዚሁ ክፍል ውስጥ እምብዛም የማይጠቀስ አንድ ምዕራፍ አለ። ነጋዴው አዲስ መዝገብ ሲከፍት ወደ ንግድ ሹማምንቱ ወስዶ ሒሳቡን በየትኛው ገንዘብ እንደሚጽፍ፣ የሚጽፈውም ራሱ ይሁን ጸሐፊው አሳውቆ እንዲያስመዘግብና እንዲያጸድቅ ይመክራል፤ ለአብነትም የፔሩጃን ከተማ ያነሳል። ምክንያቱንም አልሸሸገም። ሁለት መዝገብ ይዘው አንዱን ለገዢ፣ ሌላውን ለሻጭ የሚያሳዩ ነጋዴዎች ነበሩ።

ልማዱ የቆመው ቁጥሩ ከመጻፉ በፊት የአጻጻፉ ደንብ በሌላ ወገን ፊት ይታወቅ በሚል ሐሳብ ላይ ነው። በወረቀቱ ዘመን ይህን መፈጸም አይከብድም ነበር። ኦዲተሩ መዝገቡን በዓይኑ ያያል፤ ድምሩ አልገጥም ካለው ገጽ እየገለጠ ወደ ኋላ ይሄዳል። ኮምፒዩተር ድምሩን ሲረከብ ግን ደንቡ ከመዝገቡ ወጥቶ ፕሮግራሙ ውስጥ ገባ። በ1983 የተመሠረተው ኢንቱዊት የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ክዊክን የተሰኘውን የቤት ሒሳብ ፕሮግራም ገበያ ላይ ሲያውል፣ ገዢው የሚያገኘው ዲስኬትና የአጠቃቀም መመሪያ ነበር። ፕሮግራሙ እንዴት እንደሚያሰላ የተጻፈበት ኮድ የኩባንያው ምስጢር ነበር።

በዚያው በ1983 ፕሮግራመሩ ሪቻርድ ስቶልማን የግኑን ፕሮጀክት ይፋ አደረገ። ማንኛውም ሰው ኮዱን አንብቦ፣ ቀይሮና አባዝቶ ሊጠቀምበት የሚችል ሶፍትዌር ይሠራል የሚለው ይህ ጥሪ በኋላ ክፍት ምንጭ ወይም ኦፕን ሶርስ ለተባለው እንቅስቃሴ መሠረት ሆነ። ለገንዘብ ሥራ የሰጠው ተስፋ ግልጽ ነበር፤ የሚያሰላው ማሽን ሆዱ ለሁሉም ይታያል። በ1997 ፕሮግራመሩ ኤሪክ ሬይመንድ ያቀረበውና በእንቅስቃሴው ውስጥ እንደ መመሪያ የተያዘው ክርክርም፣ የሚያዩ ዓይኖች ከበዙ ስህተት ተደብቆ አይቀርም የሚል ነው። ይሁንና ስቶልማን ራሱ፣ እሱ ነፃ ሶፍትዌር ብሎ የሚጠራው የዚህ ዓይነቱ ሶፍትዌር ትልቁ ጉድለት ጥሩ ነፃ መመሪያ አለመኖሩ መሆኑን በ1990ዎቹ ጽፏል። እሱ የመሠረተው ተቋም በ2000 ለመጻሕፍትና ለመመሪያዎች የሚያገለግል የተለየ ፈቃድ ያወጣውም በዚህ ምክንያት ነበር። ኮዱ ክፍት ሆኖ ማብራሪያው የሌለ ሶፍትዌር ያኔም የተለመደ ነገር ነበር።

ከክፍት ምንጭ የሒሳብ ፕሮግራሞች ሁሉ ረጅም ዕድሜ ካላቸው አንዱ ግኑካሽ ነው። በ1997 ሮቢን ክላርክ በተማሪነት ሥራ የጀመረው ኤክስ አካውንታንት የተባለ ፕሮግራም ተከታታይ በጎ ፈቃደኞች እየተቀባበሉት አድጎ ነው ይህን ስም ያገኘው። የንግድ ፕሮግራሞቹ ተጠቃሚውን ላለማስደንገጥ ድርብ ምዝገባን፣ ማለትም ፓቾሊ የጻፈውን የዴቢትና ክሬዲት ስልት፣ ይደብቁ ነበር፤ ግኑካሽ ግን እያንዳንዱ ብር ከየት ወጥቶ የት እንደገባ የሚያሳየውን ስልት መሠረቱ አደረገው። በዚህ የተነሳ ለሰነድ ጸሐፊዎቹ ከባድ ሥራ ተረፋቸው። ዴቢትና ክሬዲት ሰምቶ ለማያውቅ የቤት ተጠቃሚ የትኛው ቁልፍ እንደሚጫን መንገር ብቻውን አይበቃም፤ ሒሳብ አያያዝን ማስተማር ያስፈልጋል። ስለዚህ ሁለት መጽሐፍ ተዘጋጀ። አንደኛው ምናሌዎቹንና መስኮቶቹን የሚዘረዝር ነው። ሁለተኛው ሀብት ማለት ዕዳና የባለቤት ድርሻ ተደምሮ ነው ከሚለው ቀመር ተነስቶ የባንክ ሒሳብ ማመሳከርን፣ የቤት ብድርን፣ አክሲዮንን እያለ በምሳሌ ይወስዳል።

ይህ ሁለተኛው መጽሐፍ ለፕሮግራሙ እምነት የዋለው ውለታ ከብዙ የኮድ ማሻሻያ ይበልጣል። ኮድ ማንበብ የማይችል የሒሳብ ባለሙያ ምሳሌዎቹን በወረቀትና በካልኩሌተር ሠርቶ ፕሮግራሙ ካወጣው ውጤት ጋር ማመሳከር ይችላል። ኮዱ ለሁሉም ክፍት ነው ሲባል በተግባር ክፍት የሆነው ለፕሮግራመሮች ነበር፤ ገንዘቡ የሚመለከተው ሰው የገባበት በር መጽሐፉ ነው።

እንዲህ ያለ ሥራ ግን የተለመደ አይደለም። የኮድ መጋሪያ ድረ ገጹ ጊትሀብ በ2017 ባካሄደው ጥናት ከተጠየቁት ወደ 5,500 የክፍት ምንጭ ተጠቃሚዎችና ሠሪዎች 93 በመቶው ያልተሟላ ወይም ጊዜው ያለፈበት ሰነድ በሰፊው የሚያጋጥም ችግር ነው ብለዋል። አስተዋፅኦ ከሚያደርጉት ውስጥ ደግሞ 60 በመቶው ሰነድ ላይ እምብዛም ወይም ፈጽሞ አይሠሩም። ይህን ስንፍና ማለት ፍርደ ገምድልነት ነው። በጎ ፈቃደኛው ስሙ የሚነሳው በጻፈው ኮድ ነው፤ ኮዱን የጻፈው ሰው ደግሞ ለራሱ ስለሚገባው የጎደለው ማብራሪያ አይታየውም። የገንዘብ ሶፍትዌር ሲሆን ችግሩ እጥፍ ይሆናል፤ ኮዱን የሚያውቀውና የሒሳብ ሕጉን የሚያውቀው ብዙ ጊዜ ሁለት የተለያዩ ሰዎች ናቸው። በ2000 የተጀመረውና የቦንድና የመሰል ውሎችን ዋጋ ለማስላት የሚያገለግለው ኳንትሊብ ለዚህ ምሳሌ ይሆናል። ለብዙ ዓመታት ተጠቃሚው የሚያገኘው በአብዛኛው ከኮዱ በማሽን ተለቅሞ የወጣ ዝርዝር ነበር። የንድፉን ምክንያት የሚያስረዳው መጽሐፍ የተገኘው ከመሥራቾቹ አንዱ ሉዊጂ ባላቢዮ ምዕራፍ በምዕራፍ በረጅም ጊዜ ስለጻፈው ነው። አንድ ሰው ባይነሳሳ ኖሮ ሳይጻፍ ይቀር ነበር።

የሰነድ ጉድለት ከተራ ምቾት ማጣት አልፎ ገንዘብ የሚሆነው የት ላይ እንደሆነ በአነስተኛ ብድር ሥራ በቁጥር ይታያል። ሚፎስ የተባለው ክፍት ሶፍትዌር በግራሚን ፋውንዴሽን ተጀምሮ በ2006 ለአነስተኛ የብድር ተቋማት ይፋ የሆነ ነው። ድርጅቱ በ2011 መሪነቱን ለማኅበረሰቡ ለቀቀ፤ የሥራው ቀጣይ አካል በ2017 ፊነራክት በሚል ስም ከአፓቺ ሶፍትዌር ፋውንዴሽን ዋና ፕሮጀክቶች አንዱ ሆነ። እንዲህ ያለ ፕሮግራም ወለድ የሚያሰላባቸው ሁለት የታወቁ መንገዶች አሉት፤ አንዱ በመነሻው ብድር፣ ሌላው በቀሪው ዕዳ ላይ። 12,000 ብር በዓመት 12 በመቶ የተበደረና በየወሩ 1,000 ብር ዋና ገንዘብ የሚመልስ ሰው በመጀመሪያው ስሌት 1,440 ብር፣ በሁለተኛው 780 ብር ወለድ ይከፍላል። የክፍያው ቀን በዓል ላይ ሲውል ወደፊት ይገፋ ወይስ ወደ ኋላ ይሳብ፣ ሳንቲሙ የት ላይ ይጠጋጋ የሚሉትም እንዲሁ ደንብ ይሻሉ። ኮዱ አንዱን መርጦ በትክክል ያሰላል። የመረጠው ካልተጻፈ ግን የብድር ሠራተኛውም ሆነ ተበዳሪው ለመከራከር የሚይዙት ነገር የላቸውም።

ጉዳዩ በሙሉ ክብደቱ የወጣው በዲጂታል ገንዘቡ በቢትኮይን ታሪክ ነው። ሳቶሺ ናካሞቶ በሚል ስም የሚጠራው ፈጣሪ ጥቅምት 31 ቀን 2008 ያሰራጨው ጽሑፍ ዘጠኝ ገጽ ነበር። ሐሳቡን እጅግ ጥርት አድርጎ ያስረዳል፤ ነገር ግን ግብይቶች በጥቅል የሚመዘገቡበት አንድ ብሎክ ምን ያህል ሊተልቅ እንደሚችል፣ ፊርማ በምን ቅርጽ እንደሚጻፍ፣ የትኛው ግብይት ተቀባይነት እንደሚያጣ አይናገርም። ሳንቲሞቹ ከ21 ሚሊዮን አይበልጡም የሚለው ዝነኛ ገደብ እንኳ የሚገኘው በጽሑፉ ውስጥ ሳይሆን በጥር 2009 ሶፍትዌሩ ሲለቀቅ አብሮ በወጣው ማስታወቂያ ነው። የቀረው ሁሉ ያለው ኮዱ ውስጥ ነበር። ናካሞቶ በ2010 ከዚህ ኮድ ጋር የሚስማማ ሁለተኛ ፕሮግራም መጻፍ ለኔትወርኩ አደጋ ነው ብሎ መቃወሙም ከዚሁ ይመነጫል፤ ደንቡ ለብቻው ተጽፎ በማይገኝበት ቦታ ሁለት ሰዎች አንድ ዓይነት ፕሮግራም ሊጽፉ አይችሉም።

ነሐሴ 15 ቀን 2010 በ74,638ኛው ብሎክ ላይ ከ184 ቢሊዮን በላይ ቢትኮይን የሚፈጥር ግብይት ተመዘገበ። ሁለት እጅግ ትልልቅ ቁጥሮች ሲደመሩ ኮምፒዩተሩ ለድምር ከመደበው ቦታ ስለተረፉ ውጤቱ ዞሮ ትንሽ ሆነ፤ የማረጋገጫው ኮድም አሳለፈው። እንግዲህ ኮዱ ተቀብሎታል። ሆኖም ማንም ሰው ይህ ትክክል ይሆን ብሎ አልተጠራጠረም፤ 21 ሚሊዮን የሚለው ቃል አስቀድሞ ተጽፎ ነበርና። በሰዓታት ውስጥ እርማቱ ተለቀቀ፣ የተበላሸው የብሎኮች ሰንሰለት ተትቶ ሌላው ቀጠለ። ያ አንድ ዓረፍተ ነገር ባይኖር ኮዱን ከምን ጋር አመሳክሮ ተሳስቷል ማለት እንደሚቻል ማሰብ ይከብዳል።

በመጋቢት 2013 የሆነው የዚህ ተቃራኒ ነው። እስከ ስሪት 0.7 ድረስ ቢትኮይን መረጃውን የሚያስቀምጠው በርክሌይ ዲቢ በተባለ ዳታቤዝ ነበር። በየካቲት የወጣው ስሪት 0.8 ይህን ትቶ ፈጣን የሆነውን የጉግል ሌቭልዲቢ ያዘ። ለውጡ የዕቃ ማስቀመጫ መለወጥ እንጂ የገንዘቡን ደንብ የሚነካ ተደርጎ አልታየም። ነገር ግን በርክሌይ ዲቢ በአንድ ጊዜ ሊይዛቸው የሚችላቸው የመረጃ መቆለፊያዎች ብዛት በ10,000 ተገድቦ ነበር። ብዙ ግቤቶች ያሉት ብሎክ ከዚያ በላይ መቆለፊያ ከጠየቀ የድሮው ፕሮግራም ብሎኩን አልቀበልም ይላል። ይህ ገደብ በየትኛውም የቢትኮይን ሰነድ የገንዘቡ ደንብ ሆኖ አልሰፈረም፤ ፕሮግራሙን የሚጠብቁት ሰዎችም ደንብ መሆኑን አያውቁም ነበር። ሙሉ መጠን ያላቸው ብሎኮች በሙከራ ኔትወርክ ላይ አልፈው ስለታዩ፣ በመጠን ያነሰ ብሎክ ብዙ መቆለፊያ ሊፈልግ ይችላል ብሎ ያሰበ አልነበረም።

መጋቢት 11 ቀን ማምሻውን 225,430ኛው ብሎክ ወጣ። ስሪት 0.8 የጫኑት ተቀበሉት፤ ብዙዎቹ የቀድሞ ስሪቶች ግን ጣሉት። የገንዘቡ መዝገብ ለሁለት ተከፈለ። ከኔትወርኩ የማስላት ኃይል 60 በመቶ ያህሉ ከአዲሱ ጎን ስለነበር ክፍፍሉ በራሱ ሊጠገን አልቻለም። በእነዚያ ሰዓታት ስምምነት ላይ የተደረሰበት መፍትሔ ለብዙዎች እንግዳ ነው። ብሎኩ በሐሳብ ደረጃ አንድም እንከን የለበትም፤ የተሻለውም ፕሮግራም ተቀብሎታል። ሆኖም ያኔ የድሮውን ፕሮግራም የሚጠቀሙት ነጋዴዎችና ተራ ተጠቃሚዎች ብዙ ስለነበሩ፣ ትላልቆቹ የማይነሮች፣ ማለትም በማስላት ኃይላቸው ብሎክ የሚያወጡ ተሳታፊዎች፣ ኅብረቶች ቢቲሲ ጊልድና ስለሽ በፈቃዳቸው ወደ 0.7 ተመለሱ። ቀድሞ ያገኙትን ገቢም አብረው ተዉት። በዚህ መሀል ወደ 10,000 ዶላር የሚያወጣ ገንዘብ ሁለት ጊዜ ተከፈለ፤ አድራጊው የሚቻል መሆኑን ለመሞከር እንጂ ለክፋት እንዳላደረገው በኋላ ተገልጿል።

የዚያ ሌሊት ዳኝነት የሚያሳየው ነገር ከባድ ነው። በ2010 የተጻፈ ቃል ነበርና ኮዱ ተፈረደበት። በ2013 የተጻፈ ቃል ስላልነበር ጉድለቱ ራሱ ደንብ ሆኖ ጸና፤ ቢያንስ ለሁለት ወር። ስሪት 0.8.1 የድሮዎቹን ፕሮግራሞች አቅም የሚያከብር ጊዜያዊ ገደብ ይዞ ወጣና ተጠቃሚዎች እስከ ግንቦት 15 ቀን እንዲያድሱ ተጠየቁ። ከቢትኮይን ፕሮግራመሮች አንዱ ጋቪን አንድሬሰን ክስተቱን የመረመረበት ሰነድ የቢትኮይን ማሻሻያ ሐሳቦች በሚቀመጡበት መዝገብ 50ኛው ሆኖ ይገኛል። የመቆለፊያው ገደብ ሳይታሰብ የጋራ ደንብ ሆኖ መኖሩን፣ ያውም ከማሽን ማሽን ሊለያይ የሚችል አስተማማኝ ያልሆነ ደንብ እንደነበር በግልጽ አስፍሯል። ደንቡ ለመጀመሪያ ጊዜ የተጻፈው ከተሰበረ በኋላ ነው ማለት ነው።

ሌላ ያልተጻፈ ደንብ ደግሞ ከውጭ ገብቶ ተገኘ። ቢትኮይን ፊርማ የሚያረጋግጠው ኦፕንኤስኤስኤል በተባለው የምስጠራ ሶፍትዌር ነበር። ይህ ሶፍትዌር በሰነዱ ደካማነት በባለሙያዎች ዘንድ የታወቀ ነበር። በሚያዝያ 2014 ሃርትብሊድ የተባለው ቀዳዳ ሲጋለጥ ከሁለት ዓመት በላይ ማንም ሳያየው መቆየቱ፣ የባንኮችን ጨምሮ የዓለም ድረ ገጾች ብዛት ያለው ክፍል የተደገፈበት ፕሮጀክት በዓመት 2,000 ዶላር ገደማ ብቻ ስጦታ ያገኝ እንደነበር መታወቁ ብዙዎችን አስደንግጧል። የሚያዩ ዓይኖች ይበዛሉ የተባለው ለዚህ ኮድ አልሠራም። ለቢትኮይን ግን የባሰው ሌላ ነበር። ኦፕንኤስኤስኤል አጻጻፋቸው ከመስፈርቱ የወጣ ፊርማዎችን በዝምታ ይቀበል ነበር። በጥር 2015 የወጣው ስሪቱ ጠበቅ ሲያደርግ፣ ትናንት ልክ የነበረ ክፍያ ዛሬ ሐሰት ሊሆንና መዝገቡ እንደገና ሊከፈል የሚችልበት ሁኔታ ተፈጠረ። ሌላው የቢትኮይን ፕሮግራመር ፒተር ዊሌ በዚያው ወር የፊርማውን ቅርጽ በጽሑፍ የሚወስን ሐሳብ አቀረበ፤ በ2016 መጀመሪያ የወጣው ስሪት 0.12 ደግሞ የፊርማ ማረጋገጡን ሥራ ለራሱ ለቢትኮይን ወደተጻፈ የኮድ ቤተ መጻሕፍት አዛወረው።

ይህ ሁሉ ክፍት ምንጭን ከዝግ ሶፍትዌር ያሳንሰዋል ማለት አይደለም። በኢትዮጵያ አቆጣጠር መጋቢት 6 ቀን 2016 ዓ.ም. ሌሊት የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ደንበኞች፣ በተለይም የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ በሒሳባቸው ካለው በላይ ገንዘብ ማውጣትና ማስተላለፍ የቻሉበት አጋጣሚ ይታወሳል። ባንኩ የሳይበር ጥቃት አለመሆኑን፣ ችግሩ ከሲስተም ማሻሻያ ጋር የተያያዘ መሆኑን ገልጿል። እንዲህ ባለው ዝግ የባንክ ሲስተም ላይ ውጭ ያለ ባለሙያ መግለጫውን ከኮዱ ጋር ሊያመሳክር አይችልም፤ ማመን ወይም አለማመን ብቻ ነው የሚተርፈው። የ2013ቱን የቢትኮይን ምርመራ ግን ማንኛውም ሰው እስከ ዛሬ መስመር በመስመር ሊፈትነው ይችላል። ክፍት ኮድ እምነትን አይፈጥርም፤ የተጻፈው ቃል እውነት መሆኑን ለመፈተን ያስችላል። የተጻፈ ቃል ከሌለ የሚፈተን ነገር የለም።

መንግሥታዊ ተቆጣጣሪዎች ይህን ጥያቄ ከሌላው ጫፍ ነክተውት ያውቃሉ። የ2008ቱ የፋይናንስ ቀውስ ካሳያቸው ነገሮች አንዱ፣ በቤት ብድር የተደገፉት ውሎች በመቶ የሚቆጠሩ ገጾች ኖሯቸው ገንዘቡ ለማን በምን ቅደም ተከተል እንደሚከፈል ለማስላት እጅግ አስቸጋሪ መሆናቸው ነው። በሚያዝያ 2010 የአሜሪካ የሰነደ ሙዓለ ንዋይ ኮሚሽን አውጪዎቹ የክፍያውን ቅደም ተከተል ፓይተን በተባለው ክፍት የፕሮግራም ቋንቋ ጽፈው እንዲያቀርቡ ሐሳብ አቀረበ። እዚህ ሰነዱ ሞልቶ የጠፋው ኮዱ ነበር። በ2014 የጸደቀው ደንብ ግን ይህን አላካተተም። ኮዱና የውሉ ቃል ቢለያዩ የትኛው ይጽና የሚለው ጥያቄ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። በሚያዝያ 2011 ደግሞ የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ የሆነው ፌዴራል ሪዘርቭና የባንክ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት በጋራ ባወጡት መመሪያ፣ ባንኮች የሚጠቀሙባቸው የስሌት ሞዴሎች ሰነድ ሞዴሉን የማያውቅ ሰው አሠራሩን፣ ገደቡንና መነሻ ግምቶቹን ሊረዳ በሚችልበት ደረጃ የተብራራ እንዲሆን ጠየቁ። ኮዱ ክፍት ይሁን ዝግ አልለዩም።

ኮዱ ይጽና የሚለውን መልስ እስከ መጨረሻው የወሰደው በ2016 ኢትሪየም በተባለው ሌላ የዲጂታል ገንዘብ ኔትወርክ ላይ የተከፈተው ዘ ዳኦ የተባለው የኢንቨስትመንት ፈንድ ነው። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ወደ 150 ሚሊዮን ዶላር የሚገመት ኢተር የተባለ የኔትወርኩ ገንዘብ ሰበሰበ። ደንበኞች የሚስማሙበት ጽሑፍ ትክክለኛው ውል በኔትወርኩ ላይ ያለው ኮድ መሆኑን፣ በሰው ቋንቋ የተሰጠው ማብራሪያ ሁሉ ኮዱን ሊለውጥ እንደማይችል ይገልጻል። ሰነዱ በገዛ እጁ ራሱን ሻረ። ሰኔ 17 ቀን 2016 አንድ ያልታወቀ ሰው ኮዱ ገንዘቡን ከከፈለ በኋላ እንጂ በፊት ሒሳቡን እንደማይቀንስ አስተውሎ ደጋግሞ በመጥራት 3.6 ሚሊዮን ኢተር ያህል አወጣ። በራሱ በፈንዱ ቃል መሠረት ይህ ስርቆት ነው ለማለት የሚያስችል ሕግ አልነበረም። ያም ሆኖ ከባለገንዘቦቹ አብዛኛው ስርቆት መሆኑን አልተጠራጠረም፤ ፈንዱ ምን ለማድረግ እንደተከፈተ ሁሉም ያውቅ ነበርና። ሐምሌ 20 ቀን ኢትሪየም ገንዘቡን ለባለቤቶቹ የሚመልስ ለውጥ በ1,920,000ኛው ብሎክ ላይ ተግባራዊ አደረገ። ኮዱ የመጨረሻው ቃል ነው ብለው የጸኑት በድሮው ሰንሰለት ቀጥለው ኢትሪየም ክላሲክ ሆኑ። የ2013ቱ ክፍፍል በሰዓታት ተዘጋ፤ ይህኛው ግን ሁለት ገንዘብ ትቶ አለፈ።

ኢትሪየም ከቢትኮይን የሚለይበት አንድ ነገር አለ። ቢትኮይን ከፕሮግራሙ ተለይቶ የቆመና ሁሉም የተቀበሉት ሙሉ የደንብ ሰነድ ዛሬም የለውም። ኢትሪየም ግን ከሥራው መጀመሪያ በፊት፣ በ2014፣ ከመሥራቾቹ አንዱ ጋቪን ዉድ በሒሳብ ምልክት የጻፈው ዝርዝር መግለጫ ስለነበረው የተለያዩ ቡድኖች በተለያየ ቋንቋ ፕሮግራሙን ሊጽፉት ችለዋል። ይህም ሆኖ የሰነድ ጉድለት በሌላ በኩል ገባ። ከእነዚህ ፕሮግራሞች በስፋት የተያዘው ጌት በሐምሌ 2020 በወጣው ስሪት 1.9.17 አንድ ከባድ ስህተት አረመ። አጥቂዎች እንዳይነቁ በሚል የስሪቱ ማስታወሻ ስለዚህ እርማት አልተናገረም። ምክንያቱ ተራ አይደለም፤ ቀዳዳውን መጻፍ ላላደሱት ሁሉ አደጋ ነው። ነገር ግን ዝምታው ማደስ አስፈላጊ መሆኑን የማያውቁ ብዙዎችን ባሉበት አስቀረ። ኅዳር 11 ቀን 2020 አንድ ግብይት ያንን የቆየ ስህተት ቀሰቀሰውና ያላደሱት ከሌላው ተለዩ። ከእነሱ አንዱ ብዙ የዲጂታል ገንዘብ ቦርሳ ፕሮግራሞች የሚደገፉበት ኢንፉራ የተባለው አገልግሎት ነበር፤ አገልግሎቱ ለሰዓታት ሲስተጓጎል ባይናንስን ጨምሮ አንዳንድ የምንዛሪ ገበያዎች ኢተር ማውጣትን አቆሙ።

ከዚያ በኋላ የጌት ቡድን የታወቁ ጉድለቶችን ዝርዝር ማተምና ተጠቃሚው የያዘው ስሪት ጉድለት እንዳለበት በአንድ ትእዛዝ የሚያረጋግጥበትን መንገድ ማዘጋጀት ጀመረ። በነሐሴ 2021 ሌላ ተመሳሳይ ስህተት ሲገኝ የስህተቱን ዝርዝር ሳይገልጹ፣ ከባድ የደህንነት እርማት ያለበት ስሪት እንደሚወጣ ከቀናት በፊት አስታወቁ። ስሪት 1.10.8 ነሐሴ 24 ቀን ወጣ፤ ነሐሴ 27 ቀን አንድ ሰው ስህተቱን ተጠቀመበት። ያላደሱ ብዙ ማሽኖች በዚህም ጊዜ ተነጥለዋል፤ አብዛኞቹ ማይነሮች ግን አስቀድመው አድሰው ስለነበር ዋናው መዝገብ በትክክለኛው ሰንሰለት ላይ ቀጠለ።